ክሌይ ይደርቃል እንጂ አይበስልም፦ ደብረ ብርሃን ላይ ለምን እንደሚሰነጠቅና ምን እንደሚሠራበት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በአየር የሚደርቀውን ክሌይ (እንደ ሊጥ እየታሸ ቅርጽ የሚሠራበትን) እየገዛሁ ለቤት ማስጌጫና ለስጦታ የሚሆኑ ነገሮች እሠራለሁ፤ ትንንሽ ጀበና፣ የሻማ ማስቀመጫ፣ የግድግዳ መስቀል። ግማሾቹ ሲደርቁ ይሰነጠቃሉ፣ ጠፍጣፋዎቹ ይጣመማሉ። ቶሎ እንዲደርቁ ፀሐይ ላይ አወጣቸዋለሁ፣ ማታም እዚያው በረንዳ ላይ ያድራሉ። ጎረቤቴ «ከሰል ላይ አድርጊው፣ እንደ ሸክላ ይጠነክራል» አለችኝ። እውነት ነው? ሲኒና የዕጣን ማጨሻስ ይወጣዋል? ክሌዩን ከአዲስ አበባ እያስመጣሁ ስለሚወደድብኝ ቤት ውስጥ የሚዘጋጅበት መንገድ ካለም ቢነግሩኝ።

ምላሽ፦ እህቴ፣ የቀረው መልስ ሁሉ ከእሱ ስለሚመዘዝ ከጎረቤትሽ ምክር ልነሣ። ከሰል ላይ እንዳታደርጊው። ክሌይ ይደርቃል እንጂ አይበስልም።

ሸክላ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት አፈር እሳት ሲነካው መጀመሪያ የሚለቀው ሲቦካ የተጨመረበትን ውሃ ነው። ሙቀቱ ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ግን በራሱ በአፈሩ ቅንጣት ውስጥ ታስሮ የኖረው ውሃ ይወጣል። ያ ከወጣ በኋላ ዓመት ሙሉ ቢዘፈዘፍ እንኳ ወደ ጭቃነት አይመለስም። ሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት የሚተኮሰው ጀበናና ምጣድ ይህን ሙቀት ስለሚያልፍ ነው ውሃና እሳት የሚችለው። የአንቺ ክሌይ የሚጠነክረው ግን ውሃው ስለተነነና ውስጡ ያለው ማጣበቂያ ስለያዘው ብቻ ነው። ገበያ ላይ ያለው ባብዛኛው ወይ የወረቀት ጭረትና ስታርች ያለበት ነጭና ቀላል ዓይነት ነው፣ ወይ አፈር የሚበዛበት ግራጫ ወይም ቡናማ ከባድ ዓይነት። ነጩን ከሰል ላይ ብታደርጊው ማጣበቂያው ይለሰልሳል፣ ቤቱን በመጥፎ ጠረን ይሞላዋል፣ ወረቀቱም ይከስላል። ከባዱ ደግሞ ውስጡ እርጥበት ቀርቶት ከሆነ ውሃው እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ዕቃውን ያፈነዳዋል። ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል።

ስለዚህ ሲኒ አይሆንም። ቫርኒሽ ብትቀቢውም አይሆንም፤ ቫርኒሽ ውሃውን ያዘገየዋል እንጂ አይከለክለውም፣ ትኩስ ቡና ሲፈስበት ደግሞ የቀባሽው ነገር ራሱ ከቡናው ጋር ይጠጣል። ለማሳያ የሚቀመጥ ሲኒ ከሆነ ግን ሥሪ፤ እንግዳ አንሥቶ ቡና እንዳይቀዳበት ከረከቦቱ ጋር አጣብቂው። ፍም የሚቀመጥበት ማጨሻም አይሆንም። የሻማ ማስቀመጫ የምትወጂው ከሆነ ሁለት መንገድ አለሽ፦ በባትሪ ለሚበራው ሻማ ብቻ ብለሽ መሥራት፣ ወይም ሻማው የሚቆምበትን ጉድጓድ ሰፋ አድርገሽ የብርጭቆ ወይም የብረት ጽዋ ማስገባት። ሰም እየቀለጠ ሲወርድ ነበልባሉ ከወረቀት ክሌይ ጋር ፊት ለፊት መገናኘት የለበትም።

እውነተኛ ማጨሻ ለስጦታ ካስፈለገሽ ሸክላ ሠሪዎቹ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ አሉልሽ። አንኮበር አካባቢ ሸክላ ከድሮ ጀምሮ የሚሠራ ሙያ ነው። የተተኮሰውን ማጨሻ ከእነሱ ገዝተሽ ከውጭ በኩል፣ እሳት በማይደርስበት ግርጌው ላይ፣ በክሌይ አበባና ሐረግ ብታስጌጪው ሁለታችሁም ታተርፋላችሁ። አፈር ብቻ የሆነ፣ ኮላ ያልገባበት ነገር ሠርተሽ ከእነሱ ጋር እንዲተኮስልሽ መስማማትም ትችያለሽ፤ ሸክላ ሲተኩሱ ዘመናቸውን የኖሩ ሴቶች ዕቃሽን አንሥተው ብቻ ደርቋል አልደረቀም ይሉሻል። ጀበናውን እየተጠቀመ ሠሪዋን «ቡዳ» ሲል የኖረ ሰው ዛሬ «በእጅ የተሠራ» የሚል ወረቀት ሲለጠፍበት እጥፍ ከፍሎ ሲገዛ ሳይ ይገርመኛል፤ እሱ ሌላ ቀን የሚወራ ነው።

አሁን ወደ ስንጥቁ። ክሌይ ውሃ ሲያጣ ይኮማተራል፤ መኮማተሩ ችግር የለውም። ችግሩ አንዱ ቦታ ቀድሞ ሲኮማተር ሌላው ገና እርጥብ ሆኖ መቆየቱ ነው። ምድጃው ሲበረታበት ዳቦ ላዩ ቀድሞ ጠንክሮ እንደሚተረተረው ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በበጋ አየሩ ደረቅ፣ ፀሐዩ ብርቱ፣ ነፋሱ የማያቋርጥ ነው። በረንዳ ላይ ያስቀመጥሽው ጀበና በነፋሱ በኩል ያለው ጎኑ እስከ ምሳ ሰዓት ይነጣል፤ በግድግዳው በኩል ያለው ሲነኩት ገና ይለጠፋል። ስንጥቁ የት እንደሚጀምር እዪው፦ ጆሮው ከሆዱ ጋር በተጋጠመበት፣ አንገቱ ከትከሻው በወጣበት፣ ማለትም ቀጭኑ ከወፍራሙ በሚገናኝበት ቦታ ነው። ቀጭኑ ደርቆ ሲሰበሰብ ወፍራሙ አልከተልም ይለዋል፣ መሐላቸው ይቀደዳል።

ማታ ማሳደርሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ «በጥቅምት አንድ አጥንት» በሚያሰኘው ብርድ፣ ውርጭ ይወርዳል። ውሃ ሲበርድ በረዶ ይሆናል፣ በረዶ ሲሆን መጠኑ ወደ 9 በመቶ ይጨምራል። ቀን ላዩ የደረቀ ዕቃ ሌሊት ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ከውስጥ ይገፋዋል። የዚህን ስንጥቅ ከፀሐዩ ስንጥቅ መለየት ትችያለሽ፤ የፀሐዩ መገጣጠሚያ ይዞ የሚሄድ አንድ ረዥም መስመር ነው፣ የውርጩ ግን ገጹን ቅርፊት ቅርፊት እያደረገ ያነሣዋል፣ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። የመጀመሪያው ይጠገናል። ሁለተኛውን ብትጠግኚውም ከሥሩ ስለላላ አይቆይልሽም፣ ጣይው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ሠርተሽ እንደጨረስሽ ዕቃውን ቤት ውስጥ፣ ከመስኮትና ከምድጃ ርቆ አስቀምጪው። የመጀመሪያውን ቀን ስስ ላስቲክ ሳታጠብቂ ጣል አድርጊበት፤ ጆሮና አንገት የመሳሰሉትን ቀጫጭን ቦታዎች ደግሞ በተለይ በላስቲክ ቁራጭ ጠቅለል አድርጊያቸው፣ ወፍራሙ እስኪደርስባቸው ይጠብቁ። በሁለተኛው ቀን ላስቲኩን አንሥተሽ ገልብጪው። ከሥሩ አየር እንዲያገኝ ወንፊት ወይም የሽቦ መረብ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነገር ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይበቃዋል፤ ክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ቤት ሲገባ፣ ሳምንትም ይፈጃል። ደርቆ እንደሆነ በዓይን አትመኝው። ጉንጭሽ ላይ አስጠጊው፦ ከቀዘቀዘሽ ውሃው ገና እየወጣ ነው።

ውፍረት ላይ ጨከን በይ። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ የወፈረ ድፍን ነገር አትሥሪ። የጀበናው ሆድ ትልቅ እንዲሆን ከፈለግሽ ውስጡን በተጨማደደ ጋዜጣ ወይም ፎይል ሠርተሽ በፕላስተር እሰሪውና ክሌዩን ላዩ ላይ በስሱ አልብሺው። ወረቀቱ ክሌዩ ሲኮማተር እሺ ብሎ ይጨመቃል። ጠርሙስ ወይም እንጨት ላይ ስታለብሺ ግን ውስጥ ያለው ነገር ንቅንቅ አይልም፣ ስለዚህ ክሌዩ መሰንጠቁ የግድ ነው ማለት ይቻላል። ጠርሙስ ማስጌጥ ከወደድሽ መጀመሪያ ጠርሙሱን ኮላ ቀቢው፣ ክሌዩን 3 ሚሊ ሜትር ብቻ አድርጊው፣ የሚመጣውን ስንጥቅ እየሞላሽ ሂጂ።

ሁለት ክፍል ስታገናኚ ሁለቱንም በሹካ ጫፍ ቧጥጪ፤ በውሃና በጥቂት ኮላ የቀጠነ ክሌይ ቀቢባቸው፤ ከዚያ እያሸሽ ግጠሚያቸው። በውሃ ብቻ አርሶ ማጣበቅ ለጊዜው የያዘ ይመስላል፣ ሲደርቅ ግን ጆሮው በእጅሽ ይቀራል። ጣትሽንም ውሃ እየነከርሽ ደጋግመሽ አታለስልሺው፤ ብዙ ውሃ የጠጣ ክሌይ ብዙ ይኮማተራል።

መስቀሉ የሚጣመመው አንድ ፊቱ ብቻ ስለሚደርቅ ነው። ክሌዩን ወረቀት ላይ አድርገሽ ሁለት እኩል እርሳሶች ግራና ቀኝ አስቀምጠሽ መዳመጫውን በእነሱ ላይ ካስኬድሽው ውፍረቱ አንድ ዓይነት ይሆናል። ቅርጹን ቆርጠሽ ስታነሺ በእጅ አትጎትቺው፣ ከነሥር ወረቀቱ አንሺው፤ አንዴ የታጠፈ ጠርዝ ብታቀኚውም ሲደርቅ ወደ መታጠፉ ይመለሳል። ላዩ ትንሽ ጸና ሲል በሁለት ጣውላ መሐል ጋዜጣ ደርበሽ አድርጊው፣ ጋዜጣውን ጠዋትና ማታ ቀይሪ።

ለተሰነጠቀው፦ የስንጥቁን አፍ በእርጥብ ብሩሽ ትንሽ አርሺው፣ ክሌይ በኮላ ለውሰሽ በቢላ ጫፍ ወደ ውስጥ ግፊበት፣ ከገጹ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቅር፤ እሱም ስለሚኮማተር አንዴ አይበቃም፣ ሲደርቅ ድገሚው። በመጨረሻ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አስተካክዪ። አፈር የሚበዛበትን ዓይነት ግን በደረቁ አትፈግፊው፤ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ በእርጥብ ስፖንጅ አሽተሽ አለስልሺው።

ቤት ውስጥ ስለሚዘጋጀው። ሁለት ዓይነት እነግርሻለሁ፤ የዱቄትና የጨው ሊጥን ትቼዋለሁ። ለሕፃናት መጫወቻ ጥሩ ነው፣ ስጦታ ላይ ግን ጨው እርጥበት ይስባል፣ ክረምት ሲመጣ ያልባል፣ ይላላል፣ አይጥም ይወደዋል።

የመጀመሪያው ለአበባና ለስስ ነገር ነው። አንድ ኩባያ አናጺዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ፣ አንድ ኩባያ የበቆሎ ስታርች፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሕፃን ቅባት ዘይት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ። ሎሚው ሻጋታ ያዘገያል። ለምግብ በማትመልሺው ድስት፣ በዝግታ እሳት፣ መስኮት ከፍተሽ፣ ሳታቋርጪ አማስዪ። መጀመሪያ ይጓጉላል፤ ተበላሸ ብለሽ እንዳትደፊው፣ ትንሽ ቆይቶ ይያያዛል። ከድስቱ ጎን ተላቆ ማማሰያው ላይ አንድ ላይ ሲጠቀለል አውርጂው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስታርቹ ግን ከ70 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ስለሚያያዝ ከፍታው እዚህ አያስቸግርሽም። ይልቅ የሚያበላሸው አብዝቶ ማብሰል ነው፤ ሲያልፍበት እየተቆራረጠ የማይሳብ ይሆናል። ለብ ሲል እጅሽን ቅባት ቀብተሽ እሺው፣ በላስቲክ ጠቅልለሽ አሳድሪው። ይህ ክሌይ ሲደርቅ በግልጽ ስለሚያንስ ከምትፈልጊው መጠን ተለቅ አድርገሽ ሥሪ። ጥቅሙ ደግሞ የአበባ ቅጠል በጣት ጫፍ እስኪያሳልፍ ድረስ ብታሳሺውም አይቀደድም።

ሁለተኛው ከአካባቢሽ አፈር የሚገኝ ነው። ከሸክላ ሠሪዎች ጥቂት የተዘጋጀ አፈር ግዢ። ከማሳ ጥቁሩን ዋልካ ቆፍረሽ እንዳታመጪ፤ ዋልካ መሬቱ ራሱ በበጋ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ ነው፣ ጀበናሽ ላይም ያንኑ ያደርጋል። አፈሩን በውሃ በጥብጠሽ በወንፊት አጥልዪው። ሶፍት በሙቅ ውሃ ነክረሽ ፍትፍት እስኪል አፍርሺው፣ ውሃውን ጨምቂ። አራት እጅ አፈር ላይ አንድ እጅ የተጨመቀ ሶፍት፣ ትንሽም ኮላ ጨምረሽ እሺ። የወረቀቱ ጭረት አፈሩን ከውስጥ ስለሚያስተሳስረው መሰንጠቁ በጣም ይቀንሳል። ሸክላ ሠሪዎች የተፈጨ ገል የሚጨምሩበት ምክንያትም ተቀራራቢ ነው፤ ገሉ አንዴ ስለበሰለ አይኮማተርም፣ አዲሱን አፈር ይገታዋል። ወረቀት ያለበት ክሌይ ግን ሳምንት ካለፈው ይሸታል፣ ይሻግታል፤ በምትጨርሺው ልክ ብቻ አዘጋጂ።

ቀለም ላይ ብዙ አልልም። ጉንጭሽ «ደርቋል» ሳይልሽ አትቀቢ፤ እርጥበቱ ከሥር እየወጣ ቀለሙን ይገፈዋል። ኮላ በእኩል ውሃ አቅጥነሽ ፊቱንም ጀርባውንም አንድ እጅ ቀቢ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ አክሪሊክ ቀለም። አክሪሊክ ከታጣ በውሃ የሚቀጠነው የግድግዳ ቀለም ይሠራል። ላዩን በውሃ የሚቀጠን ቫርኒሽ ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ፤ የዘይቱ ቫርኒሽ ነጩን ያቢጫል።

ምን ልሥራ ብለሽ ባትጠይቂኝም አስተያየት አለኝ፣ ምክንያቱም ጀበና ሁሉም ይሠራል። እናቶቻችን የሰፉትን ስፌት ውሰጂ፤ የተዳመጠው ክሌይ ላይ ትንሽ ስታርች ነስንሰሽ የስፌቱን ግርጌ ጫን አድርጊበት። የአክርማው ዙር በዙር መስመር አንድ ሳይቀር ይታተማል፣ ጎድጎድ ባለ ሳህን ላይ አድርገሽ ስታደርቂው የቀለበትና የጉትቻ ማስቀመጫ ይወጣዋል። የገብስ ዛላ እንዲሁ ያምራል፤ እርጥቡ ላይ ተጭኖ ሲነሣ ጺሙ ድረስ ይታያል። የደረቅ አበባ ማስቀመጫ ከሠራሽም እዚያው ገብሱን ማቆም ነው፤ ትኩስ አበባ የሚቀመጥበት ከሆነ ግን ውሃው ክሌዩን እንዳይነካ ውስጡ ብርጭቆ ይግባ።

ለእንቁጣጣሽ ከበቆሎ ስታርቹ ክሌይ አደይ አበባ ሠርተሽ ከጀርባው ማግኔት ብታጣብቂበት ፍሪጅ ላይ ዓመት ይቆያል። ማግኔቱን እርጥቡ ላይ ቀብረሽ አትተዪው፤ ሲኮማተር ይተፋዋል፤ ጉድጓዱን ብቻ ጠቁመሽ ሲደርቅ በጠንካራ ማጣበቂያ ለጥፊ። ለክርስትና ስጦታ ደግሞ ከሁሉ የምመርጠው የሕፃኑን እግር ማተም ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትነሣ ያ እግር ዳግም በዚያ መጠን አይገኝም። 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ለስላሳ ክሌይ ወስደሽ ሕፃኑ ጠግቦ ሲተኛ ተረከዙን መጀመሪያ፣ ጣቶቹን ቀጥሎ ጫን አድርጊ፣ ወዲያው እግሩን በለብ ያለ ውሃ አጥቢ። ኮላ ያልበዛበትን ዓይነት ተጠቀሚ። ማንጠልጠያ ቀዳዳውን ሳይደርቅ በመጠጫ ስትሮ ብሺው፣ ከጠርዙ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር አርቂው።

ጥንቅቅ ብሎ የደረቀና ቫርኒሽ የተቀባ ዕቃ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ቢወርድም ወደ መንዝ ቢወጣም ምንም አይሆንም። የሚሰበረው በመንገድ ነው። ጣርማበርን በሚኒባስ የሚሻገር ዕቃ ጆሮውና አንገቱ መጀመሪያ በሶፍት ተሞልቶ፣ ከዚያ ሙሉው በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ካርቶን ውስጥ ሲነቀነቅ ድምፅ እስከማይሰማ ይጠቅጠቅ። ለገዢው ደግሞ «ውሃና እሳት አይነካው» የሚል ትንሽ ወረቀት አብሪለት።

አሁን በእጅሽ ያሉትን የተሰነጠቁ ጀበናዎች ሳትጠግኚ የስንጥቁን ቦታ በቅርበት፣ ከታች በኩልም ገልብጠሽ፣ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ የገዛሽው ነጩ ይሁን ከባዱ ጨምረሽ ጻፊ።